የሚሊሜትር ምሳ

አናጺውን ሰፈርተኛው ሁሉ ሚሊሜትር ይለዋል። ቁም ሳጥን ሲታዘዝ ደንበኛው እስኪሰለች ድረስ ይለካል፣ ደግሞ ይለካል፤ የራሱን ጥላ ሳይለካ አይረግጥም እያሉ ያሾፉበታል። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። ስኳር አለብህ ከተባለ ወዲህ ግን ሳቁ ጠፋ።

ያስፈራው እግሩ ነው። ታላቅ ወንድሙን፣ ጋሼ የሚለውን ሰው፣ ይሄው በሽታ ምን እንዳደረገው በዓይኑ አይቷል። እግሩ ደንዝዞ ስለነበር ጫማው ውስጥ የገባች ጠጠር ስታቆስለው ለጋሼ አልተሰማውም። ቁስሉ አልድን አለ፤ መጀመሪያ ጣቱ፣ ቀጥሎ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ክራንቹን የሠራለት ራሱ ሚሊሜትር ነበር፣ እያለቀሰ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ በደንብ አስረድታዋለች። ለስላሳና ጣፋጭ ተው፤ ዳቦና ሩዝ ቀንስ፤ የሳህንህን ግማሽ አትክልት ሙላው፤ ምስር ወይ እንቁላል ጨምርበት፤ ክኒኑን ከምግብ ጋር ዋጥ፤ ደግሞ በሰዓቱ ብላ፣ ምግብ እንዳትዘል። አናጺው ከዚህ ሁሉ ይዞ የወጣው «ቀንስ» የምትለዋን ብቻ ነው። መቀነስ ጥሩ ከሆነማ ጨርሶ መተው እንዴት ያለ መድኃኒት ይሆን! እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚያስተምረው ፍርሃት ብቻ ነው።

ጠዋት ክኒኑን በባዶ ሆዱ ውጦ ይወጣል። ሚስቱ ነርሷ ባለችው መሠረት ተጨንቃ ያዘጋጀችለትን ምሳ ጎን ለጎን ለሚሠራው በያጅ ያቀብላል። በያጁ «ካላሰኘህማ ምግብ ሲደፋ ዝም ብዬ አላይም» እያለ ጥርግ ያደርገዋል። የበያጁ ቀበቶ አልደርስ አለ፤ የአናጺው ሱሪ በሲባጎ መታሰር ጀመረ። ማታ ሚስቱ ስለ ምሳው ስትጠይቀው «እጅሽ ይባረክ፣ አሁንም ሆዴ ሙሉ ነው» ይልና እራቱን ቀማምሶ ይነሳል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በኤሌክትሪክ መጋዙ ጣውላ እየሰነጠቀ ሳለ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው። ልቡ ድው ድው አለ። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ አንዱ መጋዝ ሁለት ሆኖ ታየውና እውነተኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋው። ጣውላውን ልልቀቅ ቢል ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ጣውላው ወደ መጋዙ ይሄዳል፣ እጁም አብሮ ይሄዳል። እግሬን እጠብቃለሁ ስል እጄን ላጣ ነው አለ በልቡ። ሊጮህ ፈለገ፣ ድምፁ አልወጣም።

በያጁ ያየው ይሄኔ ነው። ሮጦ ሶኬቱን ነቀለና ከኋላ አቅፎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ከሻይ ቤቱ ስኳር የበዛበት ሻይ አስመጥቶ አፉ ላይ ሲደቅንበት አናጺው ጥርሱን ነከሰ።

«ስኳር... መርዜ ነው... እግሬ...»

«የእግርህ ነገር ይቆይ፣ አሁን ነፍስህ ልትወጣ ነው! ዋጥ!»

ዋጠ። ጥቂት ቆይቶ መንቀጥቀጡ ለቀቀው።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሚስቱም እያለከለከች መጣች። ነርሷ አናጺውን ገሠጸችው፦ «ይሄ ክኒን ስኳሩን ያወርዳል። ሆድህ ባዶ ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ ያወርደዋል።» በያጁ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሚስትየዋ ዞረ።

«እህቴ፣ ምሳውን ስበላ የከረምኩት እኔ ነኝ።»

እሷ በሲባጎ የታሰረውን የባሏን ሱሪ ትኩር ብላ አየች። ብትጮህበት ለአናጺው ይሻለው ነበር።

ማታ ቤታቸው እራት ቀረበ፦ ጎመን፣ ካሮት፣ ምስር፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ። አናጺው ዳቦውን አነሳና እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እፈራለሁ» አላት። ከተጋቡ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

«እኔስ?» አለችው። «ምሳ ዕቃህ ባዶውን ሲመጣ በልቶልኛል፣ ሊድንልኝ ነው እያልኩ ደስ ብሎኝ ነበር የማጥበው። ከእንግዲህ ባዶ ዕቃ ባየሁ ቁጥር ልፈራ ነው።»

ዳቦውን ጎረሰ። አኝኮ እስኪውጠው ድረስ ዓይኗን ከጉሮሮው ላይ አልነቀለችም።