የአርሲ ነገሌ ዝናብ ቅጂ

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ናዝሬት ተመደብኩ። መሥሪያ ቤታችን በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚለካውን ዝናብ ይመዘግባል። ኮምፒውተሩ አንድ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት አንድ አዛውንት ባልደረባዬ፣ ከሰዓት በኋላ እኔ እንሠራበታለን። "አካም ኦልቴ ልጄ?" ብለው በኦሮምኛ እንዴት እንደዋልኩ እየጠየቁ ወንበሩን ሲለቁልኝ ደስ ይለኛል። በከተማው ከሰላምታ ያለፈ ወሬ የሚያወራኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ዓርብ ዓርብ ያለውን ሁሉ በአሥራ አራት ዲስኬቶች እንቀዳለን። አንዱ ሲሞላ ማሽኑ ሌላ ይጠይቃል። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው በተራ ቁጥራቸው እያቀበሉኝ፣ በወጣትነታቸው አርሲ ነገሌ ዝናብ ሲለኩ ገበያተኛው "ዛሬስ ስንት ጣሳ ወረደ?" እያለ እንዴት ያሾፍባቸው እንደነበር ይተርኩልኛል።

እኔ ግን ጊዜ የምናባክን መሰለኝ። ካለፈው ዓርብ ወዲህ የተነካውን ፋይል ብቻ በቀኑ ለይቶ የሚቀዳ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ሥራው በአንድ ዲስኬት፣ በአምስት ደቂቃ አለቀ።

"በይ እንግዲህ፣ ከሥራ አስወጣሽኝ" ብለው ስቀው ባርኔጣቸውን አነሱ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሆንኩ።

ጡረታቸው ሲቃረብ፣ በወጣትነታቸው አርሲ ነገሌ የለኩትን የአሥራ አንድ ዓመት ዝናብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ጀመሩ። ሳይጨርሱ መሄድ አልፈለጉም። ደብተሮቹን ምስጥ በልቷቸዋል። የጎደለውን ቁጥር አንዳንዱን ከወሩ ድምር እየቀነሱ፣ አንዳንዱን እያስታወሱ ይሞሉት ነበር።

ማሽኑ ጠዋትም ከምሳ በኋላም በተከፈተ ቁጥር ቀን ይጠይቃል። አንድ ረቡዕ ማለዳ ሲጽፉ አየኋቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ነበር። እኔ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው። የእሳቸው ፋይሎች ሰባት ዓመት ያረጁ ይመስላሉ፤ ፕሮግራሜም አሮጌ ናቸው ብሎ ሲያልፋቸው ከርሟል ማለት ነው። ይህን የተረዳሁት እዚያው እንደቆምኩ ነው። ግን አባቴን የሚያህል ሰው "ተሳስተዋል" ማለት ከበደኝ። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ እንዴት እንደሚጽፉ ሳልጠይቃቸው ነው የሠራሁት። ዓርብ ማንም ሳያውቅ ሁሉንም እቀዳዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

ሐሙስ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ አልነሳ አለ። ከአዲስ አበባ የመጣው ጠጋኝ ውስጡ የነበረው ሁሉ መጥፋቱን ሲነግረን እሳቸው አልደነገጡም።

"ልጄ ቀድታዋለች" አሉት።

ሰውዬው እስኪወጣ ጠብቄ ረቡዕ ያየሁትን ነገርኳቸው።

"አይተሽ ዝም አልሽ?"

"አፈርኩ ጋሼ። ዓርብ እቀዳዋለሁ ብዬ..."

"ወይ ልጄ!" መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት። "ምስጥ ያልጨረሰውን ዝናብ እፍረትሽ ጨረሰው።"

ለማሽኑ አዲስ ዲስክ ገባለት። የሌሎቹን ከተሞች ዝናብ ከዲስኬቶቹ መለስን። ለጡረታቸው ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። በማግስቱ አሥራ አንዱን ደብተሮች ተሸክመው መጡና "ተቀመጪ፣ እኔ ላንብብ" አሉኝ። ስምንተኛውን ስንጨርስ የጡረታ ቀናቸው ደረሰ።

"የቀሩት ላይ ቀዳዳውን ባዶ ተይው" አሉኝ ሲሰናበቱኝ። "እንዳትገምቺ።"

ጎባ፣ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ሦስቱን ደብተሮች ብቻዬን አስገባሁ፤ ምስጥ የበላውን ባዶ ተውኩት።

ፕሮግራሙን ማስተካከል ቀላል ነበር። አላስተካከልኩትም። ዓርብ ሲመጣ አሥራ አራቱን ዲስኬቶች በተራ ቁጥራቸው እሳቸው ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ እደረድራለሁ። አንዱ ሲሞላ እጄን ዘርግቼ ቀጣዩን አነሳለሁ።