ዶን ኤርሚሎ ለራሱ ያልሳለው ስለት

ዶን ኤርሚሎ በዚያች የሜክሲኮ ከተማ የሰውን ሁሉ የስለት ሥዕል በቆርቆሮ ላይ ሲሠራ ያረጀ ሰው ነው። ከበቅሎ ወድቆ የተረፈው፣ ልጇ ከጎርፍ የወጣላት፣ ሁሉም ታሪኩን ይነግረዋል፤ እሱ ይስላል፤ ባለስለቱ ወስዶ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። እግር መሳል ግን ሆኖለት አያውቅም። ስለዚህ ሰዎቹን ሁሉ ሣር ውስጥ ያቆማቸዋል።

በስተርጅና ዓይኑን ሞራ ጋረደው። የዓይን ሕመምተኞች ጠባቂ ለሆነችው ለቅድስት ሉሲያ ስለት ገባ፤ በቀዶ ሕክምና ብርሃኑ ተመለሰ። አሁን ስለቱን ለበዓሏ ማድረስ አለበት። ችግሩ፣ የዚያ አገር ሠዓሊ የራሱን ስለት በራሱ እጅ አይስልም፤ ምስጋና በሌላ እጅ ካላለፈ ራስን ማወደስ ነው ይላሉ። የሱን ይስልለት የነበረው የሙያ ባልደረባው ኦዲሎን ሞቷል። የቀረው የያዲራ ሮቦት ብቻ ነው።

ያዲራ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ሱቅ ከፍታ በብረት ክንድ ታስላለች። ገበያውን ስለወሰደችበት ደጇን ረግጦ አያውቅም። በበዓሉ ዋዜማ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ።

«ዶን ኤርሚሎ! ሊሰልሉኝ ነው የመጡት?»

«ደንበኛ ነኝ። አስተናግጂኝ።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወንበር ሰጠችው። ታሪኩን ነገራት፤ ለሮቦቱ ጻፈችለት። ክንዱ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ቆመ። ዶን ኤርሚሎ ቆርቆሮውን አየና ፊቱ ጠቆረ። ሰማዩ የሱ ሰማይ ነው። ደመናው የሱ ነው። የሆስፒታሉ ወለል ላይ ደግሞ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሣር በቅሏል።

«ከየት ተማረው?»

«ከእርስዎ ሥዕሎች ነዋ፣ ከግድግዳው። ሣሩ የተአምር ምልክት መስሎት ይሆናል።»

«ምን ምልክት! እግር ስለማልችል እኮ ነው!»

ያዲራ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሱም ሳይወድ ሳቀና ቆርቆሮውን ወደ ጎን ገፋው።

«ልጄ፣ ይህ የኔው እጅ ነው። በዚህ ቅድስቲቱን ማመስገን አልችልም። አንቺ ሳዪልኝ።»

«እኔ? ዶሮ እንኳ ስዬ አላውቅም!»

«ዶሮ ማን ጠየቀሽ?»

ያዲራ ብሩሽና ባዶ ቆርቆሮ ይዛ አሰበች። «ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያዩት ምንድን ነው?»

ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። «የነርሷን ቢጫ ሹራብ» አላት ቀስ ብሎ። «አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። እሱን አይቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።»

ቢጫው የቆርቆሮውን እኩሌታ ወሰደ። ዶን ኤርሚሎ ላርመው እንዳይል እጆቹ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

በበዓሉ ቀን ራሱ ሰቀለው። አጠገቡ የቆመች ሴት ዓይኗን አጥብባ አየችው።

«ቢጫውስ ይሁን፤ ከጎኑ ያለው ድንች ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ» አላት ደረቱን ነፍቶ።