ሦስቱን መሐመድ አሊ አንድ ያደረገው ገጽ

ዛሬ ሰመራ ላይ መሐመድ አሊ የሚባል ሹፌር አንገቴን አንቆ ከግድግዳ ጋር አጣበቀኝ።

ለአንድ የጭነት መኪና ስምሪት ቢሮ የሹፌሮችን ተራ ከኤክሴል ወደ ሲስተም የሚያስገባ ገጽ ሠርቼ ነበር። ስክሪኑ እንዳይጣበብ ብዬ የአያት ስምን አወጣሁት። የተደጋገመ ስም ሲያገኝም ሳይጠይቅ እንዲሰርዝ አደረግኩት።

ሦስት መሐመድ አሊዎች ተጨፍልቀው አንድ ሆኑ። አንዱ ወደ ጅቡቲ ወጣ፣ ሁለቱ ተራቸው ተሰርዞ ፀሐይ ላይ ቀሩ።

«ይኸው ፊትህ ቆሜያለሁ! ወላሂ፣ ወንድ ከሆንክ አሁን ሰርዘኝ!» ብሎ ላፕቶፔን መሬት ላይ ፈጠፈጠው።

ሊገላግለን የሮጠው ሰው ሁለተኛው መሐመድ አሊ ነበር። የጠቡን ምክንያት ሲሰማ እሱም አፌን በቡጢ አለኝ።

ከንፈሬ አብጧል፤ የምጽፈው በስልክ ነው።

እናንተንስ ሲስተም በቁማችሁ ሰርዟችሁ ያውቃል? ኮመንት ላይ ንገሩኝ። ስማችሁን ግን ከነአያታችሁ ጻፉ።