ፍራውካ ለሜኖ ያልነገረችው

በግሮኒንገን ገጠር «መጥፎ አይደለም» የተባለ ሰው ትልቅ ምስጋና አግኝቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ከጠበቀ ራሱን ይጎዳል። ፍራውካ ዋልማን ግን እነዚያ አፈ ቁጥቦች እንኳ ሳይሰስቱ አመስግነዋታል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የከተማዋን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን የቧንቧ ኦርጋን ተጫውታለች። ከወተት ገበሬዎች፣ ከፖስታ ቤት ጸሐፊዎችና ከአስተማሪዎች ለቅማ ያቋቋመችው የመዘምራን ቡድን ሃምቡርግና ፕራግ ድረስ ተጋብዞ ዘምሯል። እሷም ቶኪዮ ሄዳ ሁለት ሺህ ሰው ፊት ብቻዋን ተጫውታለች። ስትመለስም የሰኞ ልምምድ ላይ አርፍደው የመጡትን ወንዶች እንደ ወትሮዋ ተቆጥታለች።

ጋዜጦች ስለ እሷ ሲጽፉ ከአፋቸው የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ ቁጥብነት። «ሌላው የኦርጋኑን መለከት ድምፅ በሚያስጮህበት ቦታ እሷ ትቆጠባለች» ይላሉ። ይህን ባነበበች ቁጥር ፊቷ ይቀላል። ሰው ያየው ትሕትና መስሎታል፤ ሀፍረት ነበር።

ነገሩ የጀመረው በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የቀድሞው ኦርጋን ተጫዋች፣ የእሷው አስተማሪ፣ ሞቱና ለቦታው ውድድር ወጣ። ዳኞቹ ታች ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ ተወዳዳሪው ላይ ሰገነቱ ላይ ይጫወታል። ስም የለም፣ የዕጣ ቁጥር ብቻ። አራት ቁጥር ለሜኖ ደረሰው፣ አምስት ለፍራውካ። ሁለቱ በሙዚቃ ትምህርት ቤት አብረው የተማሩ፣ በዝናብ በአንድ ብስክሌት ተፈናጥጠው የተመላለሱ ጓደኛሞች ናቸው። ሜኖ ይበልጣታል። እሱ ይህን አያውቅም ነበር፤ እሷ ግን አሳምራ ታውቃለች።

ኦርጋን እንደ በሬ የየራሱ አመል አለው። ስለዚህ በኦርጋን ሰዎች ዘንድ፣ ተፎካካሪም ቢሆን፣ እንግዳ ሲመጣ መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው አመሉን ይነግረዋል። ይህን የማያደርግ ሰው እንዳለ እንኳ ተሰምቶ አይታወቅም። ፍራውካ በዚህ ኦርጋን ላይ የተማረች ናትና ሜኖም የሰገነቱ ደረጃ ላይ ሲያገኛት ጠየቃት።

«ያንቺ አውሬ የት ጋ ነው የሚናከሰው?»

«በግ ነው» አለችው።

«እንዳትዋሺኝ! ለእናትሽ ነው የምናገርብሽ።»

«ሂድ ባክህ፣ ቁጥርህ ተጠራ።»

በግ አልነበረም። በእግር ከሚጫወቱት ድምፆች መካከል መለከት የሚባለው እርጥበት ሲበዛ ይቀረቀራል፤ እግር ከላዩ ቢነሣም መጮኹን አያቆምም። ጊዜው ኅዳር ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሲዘንብ ሰንብቷል። ፍራውካ ይህን ሁሉ ታውቃለች። «መለከቱን አትንካ» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። እሷ ግን «ምናልባት ዛሬ አይቀረቀርም ይሆናል» አለች በልቧ። ሰው ራሱን ሲያታልል «ምናልባት»ን የመሰለ አጋዥ የለውም።

ሜኖ እስከ መጨረሻው መዝሙር ድረስ እንዲህ ተጫውቶ አያውቅም በሚያሰኝ ሁኔታ ተጫወተ። የመጨረሻው አንጓ ላይ መለከቱን ከፈተ፤ አንዱ ወፍራም ድምፅ ተቀርቅሮ ቀረና ከመዝሙሩ በላይ ሲያጓራ፣ ሲያጓራ፣ መዝሙሩ ካለቀም በኋላ ሲያጓራ ቆየ። ዳኞቹ ወረቀታቸው ላይ አንዳች ነገር ጻፉ። ሜኖ ከሰገነቱ ወርዶ፣ ማንንም ሳያናግር፣ ብስክሌቱን ይዞ በዝናቡ ሄደ። ቀጥላ ፍራውካ ተጫወተች፤ መለከቱን አልነካችም። ማታ ዳኞቹ ውጤት ሲናገሩ «ቁጥር አምስት በቁጥብነቱ አሸንፏል» አሉ።

ቦታውን በያዘች በወሩ ከሩቅ ከተማ ሠራተኛ አስመጥታ ያንን ድምፅ በጸጥታ አስጠገነችው። ሜኖ ደግሞ መጫወቱን እርግፍ አድርጎ ተወ። አንድ የኦርጋን ሠሪ ዘንድ ገብቶ ሙያ ተማረና፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የአካባቢው ኦርጋን ቃኚ ሆኖ ብቅ አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ የእሷንም ኦርጋን ይቃኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ፍራውካስ አልረሳችም፤ የተወጋው ግን ማን እንደ ወጋው ይወቅ አይወቅ ነበር ጭንቋ። በየገናው የደረቀ ቋሊማና ሰናፍጭ ትልክለታለች፤ ለአብያተ ክርስቲያናቱ «ከሜኖ ሌላ አታስነኩ» ብላ ትጽፍለታለች። «ምን ውለታ ውዬልሽ ነው?» እያለ ይስቅ ነበር። ሳቁ የዋህ ይሁን ነገር ያለው ይሁን መለየት አቃታት።

ኦርጋን ለመቃኘት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ቃኚው ከእንጨቱ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ቧንቧዎቹ መካከል ይሠራል፤ ሌላው ውጭ ተቀምጦ አንድ በአንድ ቁልፍ ይነካለታል። ይህን ለሜኖ የሚያደርጉለት የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ፣ አጎት ኤፖ፣ ነበሩ። ፍራውካ ከሜኖ ጋር ላለመቀመጥ ምክንያት አጥታ አታውቅም፤ አንዴ ልምምድ፣ አንዴ ጉንፋን። ጡረታ ወጥታ ልትሰናበት አንድ ሳምንት ሲቀራት ግን አጎት ኤፖ በረዶ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ስልክ ደወሉላት።

«አንቺ ልጅ፣ ያለሽው አንቺ ነሽ። ጣት አለሽ አይደል? ዓለሙ ሁሉ ያጨበጨበለት ጣት ቁልፍ መጫን አያቅተውም!»

እናም ተቀመጠች። ሜኖ ከሣጥኑ ውስጥ «ቀጥዪ» ሲል አንዱን ቁልፍ ትነካለች፤ ድምፁ ተስተካክሎ ሲያበቃ እንደገና «ቀጥዪ» ይላል። ፊቱ አይታያትም፤ ፊቷም አይታየውም። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ከቆዩ በኋላ ተናገረች።

«ሜኖ፣ ያን ቀን አታልዬሃለሁ።»

«የቱን ቀን?»

«የውድድሩን። መለከቱ እንደሚቀረቀር አውቅ ነበር። ስትጠይቀኝ በግ ነው አልኩህ። አውቄ ነው።»

ጣቷ ቁልፉ ላይ እንደ ተጫነ ስለ ነበር ድምፁ ይጮኻል።

«ጣትሽን አንሺ» አለ ሜኖ።

አነሣች። ቤተ ክርስቲያኑ ጭር አለ።

«መለከቱ ነበር?»

«መለከቱ ነው። በወሩ ተደብቄ አስጠገንኩት።»

«እግሬ መስሎኝ ነበር» አለ ከውስጥ። ድምፁ ቁጣ አልነበረውም፤ ቁጣ ቢኖረው ይቀላት ነበር። «ጫማዬ ቁልፉ ላይ ቀርቶ መስሎኝ። በዳኞች ፊት እግሩ የከዳው ሰው ምን ሊሆን ይጫወታል ብዬ ተውኩት። ሀርምካ፣ ባለቤቴ፣ ልትሞት ስትል አንድ መዝሙር ተጫወትልኝ ብላ ለመነችኝ። እግሬ አይታዘዘኝም አልኳት። እግሬ ጤነኛ ነበር ለካ!»

ፍራውካ ስታለቅስ ሠላሳ አራት ዓመት የተጠራቀመ ነገር ነው የወጣው። እሱ ያውቅ እንደ ሆነ ስትጨነቅ ኖራለች፤ አለማወቁ ከማወቁ የከፋ መሆኑ ግን በሐሳቧ መጥቶ አያውቅም።

«ሜኖ፣ ይቅር በለኝ።»

«ገና ግማሹን አልጨረስንም፤ እንዳታስመሺኝ። ቀጥዪ።»

እስኪመሽ ድረስ ከዚህ ቃል ሌላ ከአፉ አልወጣም። ሥራውን ግን አላጓደለም፤ አንዲቷን ቧንቧ እንኳ ሳይንቅ እንደ ሁልጊዜው ሁሉንም ቃኘ። ሲጨርስ ከሣጥኑ ወጣ፤ ልብሱ አቧራ ለብሷል። መሣሪያዎቹን እየሰበሰበ «እሑድ ለስንብትሽ እመጣለሁ። ቧንቧ ቢቀረቀር ቃኚው ቅርብ መሆን አለበት። ሥራዬ ነው» አላትና ወጣ።

ፍራውካ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም። ሜኖ ይቅርታውን አልሰጣትም፤ ደግማ ልትጠይቀውም አፍ የላትም። አንድ ነገር ብቻ ታያት፤ ያለ ስም፣ በቁጥር፣ ከሰው ጀርባ የወሰደችውን በሰው ፊት ማመን።

እሑድ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ ጢም አለ። ሰው ሚንት ከረሜላውን እየተቀባበለ ተቀመጠ። ተጫወተች፤ መዘምራኑንም መራች። ከንቲባው ኒሻን ደረቷ ላይ ሰኩላትና ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ሲቀመጥ እሷ ቆመች።

«ይህን ወንበር ያገኘሁት አታልዬ ነው» አለች። «ከእኔ የሚበልጥ ሰው ነበር። ኦርጋኑ እንደሚከዳው እያወቅሁ ዝም አልኩት። ሠላሳ አራት ዓመት ያጨበጨባችሁት ለእሱ ሊሆን ይገባ ነበር። ሜኖ ይባላል፤ ያውና እዚያ ተቀምጧል።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ቃኚውን በፈገግታ አየው። ከመዘምራኑ ሴቶች አንዷ «ለቃኚዋ ክብር ስትሰጥ እይ፣ ታሳዝናለች!» ብላ ዓይኗን ጠረገች።

ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ አጎት ኤፖ ጮኹ። «አይ ይቺ ልጅ! ድሮም ራሷን ማሳነስ ትወዳለች!»

ሳቅ ሆነ። «ትሕትና አይደለም፣ እውነቴን ነው!» አለች ፍራውካ። ይህን ጊዜማ ከንቲባው ራሳቸው ብድግ አሉ፤ «እንግዲህ ቁጥብነት ማለት ይህ ነው!» አሉና ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ፍራውካ መካከሉ ላይ ኒሻኗን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች።

ከሰገነቱ ደረጃ አጠገብ ሜኖ አልተነሣም። ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ እንዳደረገ ያያታል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ቃሏን ያመናት እሱ ብቻ ነበር።