ሜዳ ያልኩት አሸዋ

ዓረብ አገር፣ ፈላጅ ሃዛ የሚባል ሰፈር የገባሁ ቀን፣ ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ ማዳም የአርባ ቀን ልጇን ሳሌምን አስታቀፈችኝ። «ልጁ ያንቺ ነው» አለችኝ። እኔም አመንኳት።

ሥራዬ ሞግዚትነት ነው። ጡጦ እቀቅላለሁ፣ ትኩሳት እለካለሁ፣ ጋሪ እገፋለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ከዚያ ሂሩት ከአዲስ አበባ መጣች፣ ለወጥ ቤት። ወጣት ናት፣ ሳቂታ። ወር ሳይሞላት ሳሌም ከጭኔ ወርዶ ወደ እሷ ሮጠ። ምን እዋሻለሁ፣ ቀናሁባት። የራሴን ልጅ ለእህቴ ትቼ ነው የመጣሁት፤ ያቺም እህቴን «እማዬ» ስትላት በስልክ ሰምቻለሁ። ይሄኛውም ሊሄድብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ከግቢው ጀርባ ቤት ያልተሠራበት ለጥ ያለ አሸዋ አለ።

«ሜዳው ላይ ላጫውተው» አልኩ።

ሂሩት ሳቀች። «እትዬ ሰዓዳ፣ ጎል የለው፣ ሣር የለው፣ ምኑ ነው ሜዳ? መኪና ማቆሚያ እኮ ነው!»

«አንቺ የከተማ ልጅ፣ ስለ ሜዳ ምን ታውቂያለሽ?»

እኔ ያደግሁት ወሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ውሃ ስወርድ ልጄን ወገቧን በገመድ ከምሰሶ አስራት ነበር፣ ገደል እንዳትገባ። በእኛ አገር ሜዳ ማለት ልጅ ከገመድ የሚፈታበት ቦታ ነው። አይወድቅም፣ ከዓይንም አይጠፋም።

ስለዚህ ሳሌምን ለቀቅኩት። ኳሱን ተከትሎ እየሳቀ ሮጠ። ሂሩት በሩ ላይ ቆማ ነበር። እኔ ልጁን ትቼ እሷን አየሁ፤ መቅናቷን ፊቷ ላይ ልፈልግ።

ፊቷ ድንገት ተለወጠ። ጮኻ በአጠገቤ አለፈች። ስዞር የጎረቤት ፒክአፕ ወደ ኋላ እየመጣ ነው። ሳሌምን ከጎማው ፊት አፈፍ አደረገችው።

ማዳም ጩኸቱን ሰምታ ወጣች። «ማን ነው ያወጣው?»

ሂሩት አቀርቅራ ከሳሌም ልብስ ላይ አሸዋ ታራግፋለች። ስሜን አለመጥራቷ ከስድብ ባሰብኝ።

«እኔ ነኝ፣ ማዳም።»

«ኸላስ፣ በቃ። አንቺ ወጥ ቤት ግቢ። ልጁን ሂሩት ትይዘዋለች።»

ይኸው አራት ዓመቴ፣ ድስት ላይ ነኝ። ሳሌም በእሷ እጅ ሲጎርስ ሳይ ዛሬም ያመኛል። አዲስ ለምትመጣ ሞግዚት የምነግራት ይህን ነው፦ መሬቱ ደልዳላ ነው ብለሽ አትዘናጊ። ልጅ ስትጠብቂ ልጁን ብቻ እዪ።