«ከበደው እንዴ?»

አጎቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ «ከበደው እንዴ?» የሚለው ጥያቄያቸው ነው።

ከዓረብ አገር ተመልሼ ሥራ ሳጣ፣ ገሳይ ከተማ ካለው የኤሌክትሪክ ወፍጮ ቤታቸው አስገቡኝ። በፋሲካ ሰሞን ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ቢያጣድፉኝ ገብሱን ባንድ ጊዜ ወፍጮው ውስጥ ገለበጥሁት። ድንጋዩ ተያዘ። ሞተሩ መዞር አቅቶት ያጉረመርም ጀመር፤ የቃጠሎ ሽታም መጣ። አጎቴ ሮጠው አጠፉት።

እንደ ቀድሞ አሠሪዬ ይጮሁብኛል ብዬ ተሸማቀቅሁ። እሳቸው ግን እጄን ይዘው ሞተሩን አስነኩኝ፤ ይፋጃል።

«ልጄ፣ ሞተር ሲከብደው አልችልም አይልም። ዙሩ ይቀንሳል፣ የሚስበው ኤሌክትሪክ ግን ይጨምራል። ጨርሶ ሲያዝ ደግሞ አብዝቶ ስቦ ራሱን ያቃጥላል። አንቺ እወቂለት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እህል በጨመርሁ ቁጥር «ከበደው እንዴ?» ይሉኝ ነበር። ተክዤ ሲያዩኝም «ከበደሽ እንዴ?» ይላሉ፤ ሌላ አይጠይቁም።

አርባቸው ከወጣ ወዲህ ብቻዬን እፈጫለሁ። ትናንት ከገጠር የመጡ ሽማግሌ፣ መርዶውን አልሰሙም ኖሮ፣ «ባለወፍጮው የት ሄዱ?» አሉኝ። ሞቱ ማለት አቃተኝ።

«ይመጣሉ» አልኋቸው።

ሽማግሌው ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ጀመር። እኔም ወፍጮውን አጥፍቼ አብሬያቸው ጠበቅሁ።