በነፃ የተባለው የአቀንጭራ አረማ

ሦስት ነበርን። አቶ ግርማ፣ ሐይቅ ከተማ የነበረው አነስተኛ የምርምር ጣቢያ ኃላፊ። አያ ሰይድ፣ ከውጫሌ በታች ማሽላ የሚያርሱ ገበሬ። ሦስተኛው እኔ፣ ሳይንስን ከተውሶ መጻሕፍት የተማርሁ ጊዜያዊ ሠራተኛ። ዘመኑ የደርግ ነው።

ሥራ በጀመርሁበት ቀን አቶ ግርማ አንድ የቆየ የጥናት ዕቅድ ሰጡኝና፣ «ይህን አይተህ ስለ አቀንጭራ ጻፍ» አሉኝ። አቀንጭራ የማሽላን ሥር የሚመጥ አረም ነው። «የሁለት ዓመት ገንዘብ ካስገኘህ ቋሚ ትሆናለህ።»

ስለ አረሙ ያነበብሁትን ሁሉ ጽፌ አቀረብሁ። አይተው ሳቁ።

«ይህን ሁሉ ካወቅህ ገንዘቡ ምን ያደርግልሃል? የማታውቀውን ጻፍ።»

ልክ ነበሩ። ዛሬ ዕቅድ የምትጽፉ ልጆቼ፣ አላውቅም ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ተለማመዱት። እኔ አምስት ጊዜ ጽፌ ነው የተማርሁት።

ለአራሚዎች የያዝሁትን ክፍያ ግን ሰረዙት። «የሕዝብ ተሳትፎ፣ በነፃ በል። ለጋሾች ይወዱታል።» እንዳሉኝ ጻፍሁ። የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ መጣ።

በጣቢያው የሙከራ ማሳ አቀንጭራው ብቅ ሲል እንዲያርሙልን አያ ሰይድን ለመንኋቸው። ጎረቤቶቻቸውን ይዘው መጥተው አረሙን ነቅለው ጨረሱ።

«ነገ እናንተ ትመጣላችሁ» አሉኝ ሲሄዱ።

«የት፣ አያ ሰይድ?»

«እኔ ማሳ ነዋ። የዛሬው ወንፈል የኔ ተራ ነበር፤ ለናንተ ሰጠሁት። ጎረቤቶቼ ከነገ ጀምሮ ወደየማሳቸው ናቸው። ያን አለቃህንም ይዘኸው ና። እጁ ቅቤ ነው ይላሉ፣ እናየዋለን።»

አቶ ግርማ ተቆጡ። «በነፃ ተብሎ ተፈርሟል እኮ።»

«አያ ሰይድ አልፈረሙም» አልኋቸው።

«የሰው ማሳ ስታርም ለለጋሾቹ የሚላከው ሪፖርት ከዘገየ የከርሞው ገንዘብ ይቀራል። ቋሚነትህም አብሮ።»

«ይቅር» አልሁ።

በማግስቱ ብቻዬን ወረድሁ። ማሳው ለአንድ ሰው እጅ ሰፊ ነበር። አቶ ግርማ ከሳምንታት በኋላ ልባቸው እሺ ብሎ ሲመጡ፣ የታችኛው ማሳ አቀንጭራ አብቦ፣ አፈር ውስጥ ለዓመታት እየቆየ ማሽላ የሚያጠፋውን ዘሩን መጣል ጀምሯል። ያም ሆኖ እስኪያልቅ ነቀልን። አያ ሰይድ የአለቃዬን የተላጠ መዳፍ አይተው፣ «ወላሂ፣ ቅቤው ቀለጠ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ዕቅድ ስጽፍ፣ ለጉልበቱ ምን እንደሚመለስለት አስቀድሜ ባለማሳውን እጠይቃለሁ። መልሱንም እጽፋለሁ።

በነፃ ያልነው ሲደመር ይህን ያህል ሆነ፦ ጣቢያው የሁለተኛውን ዓመት ገንዘብ አጣ፣ እኔ ቋሚነቴን፣ አያ ሰይድ የታችኛውን ማሳቸውን።